የአሥራ አንዱ ጉድጓድ ቁጥሮች

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 6

ቸኩሌ፣

ማሽኔን ገድለሽብኝ ሄድሽ። የሠላሳ አራት ዓመት ሥራዬ በውስጡ ነው፤ አንቺ አውቶቡስ እንዳያመልጥሽ ብለሽ ገደልሽው።

ሰላምታው ከዚህ በኋላ ይመጣል። መጀመሪያ ሰላምታ ጽፌ ይህን ከሥሩ ብለጥፍበት ውሸታም እሆናለሁ።

እሑድ ጠዋት «አባባ፣ ይሄ ሊኑክስዎ ከታደሰ ስንት ዓመቱ ነው?» ብለሽ ሳትጠየቂ ወንበሬ ላይ ተቀመጥሽ። ማሽኑን የሚያሠራውን ፕሮግራም ማደስ ጀመርሽ። ሰባ ሁለት ከመቶ ሲደርስ ሰዓትሽን አየሽ። ከዚያ የማጥፊያውን ቁልፍ በጣትሽ ተጭነሽ ያዝሽው፣ ስክሪኑ ጨለመ፣ ቦርሳሽን አነሳሽ። መናኸሪያ ድረስ ሸኝቼሽ ተመልሼ ባበራው ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ ተደረደረ። መጨረሻው ላይ ከርነል የሚሉት የማሽኑ አንጎል ደንግጫለሁ ይላል፤ የምነሳበትን ዲስክ አላገኘሁም ይላል። ማሽን ደነገጥኩ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ጽሑፉን በእጄ ገልብጬ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ነጥቡንም ሰረዙንም ሁለት ሁለት ጊዜ አመሳክሬያለሁ። ስህተት ካገኘሽበት የማሽኑ ነው።

በውስጡ ያለውን ታውቂያለሽ። ግን የምታውቂ አትመስዪምና እነግርሻለሁ። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ጉድጓድ ለኪ አድርጎ ከቀጠረኝ ቀን ጀምሮ፣ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ፣ በየጠዋቱ አሥራ አንዱን ጉድጓድ ዞሬ ጫፉ ላይ የእርሳስ ክብደት ያሰርኩበትን ሜትር እያወረድኩ ውሃው ስንት ላይ እንዳለ ጽፌያለሁ። አርባ አንድ ደብተር ሞላ። ኮምፒውተር ማንም ሳያስተምረኝ በስድሳ አንድ ዓመቴ ተማርኩና በሦስት ክረምት ሁሉንም አስገባሁት። ያኔ አንቺ መጥተሽ «ቤቱ አቧራ በአቧራ ሆነ እኮ፣ ሁሉም ማሽኑ ውስጥ ገብቶ የለ?» አልሽኝ። በዕድሜዬ የሰው ምክር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ደብተሮቹን ለወረቀት ፋብሪካ ሰጠኋቸው።

አሁን የውሃ ማሸጊያው ፋብሪካ ከላይ ሰፈር ሦስት ጥልቅ ጉድጓድ ልጨምር ብሎ ፈቃድ ጠይቋል። ስብሰባው ማክሰኞ ታኅሣሥ 5 ነው። የመጀመሪያውን ከቆፈረ ወዲህ የእኛ ጉድጓዶች በየዓመቱ ምን ያህል እንደወረዱ የሚያሳይ ቁጥር እኔ ጋ ብቻ ነው ያለው። ሰብሳቢው «ቁጥር ያለው ይዞ ይምጣ፣ ወሬ አንሰማም» ብሏል። ልክ ብሏል። ይዤ እመጣለሁ ብዬ በሰው ፊት ተናግሬያለሁ።

እንዳትደውዪ። ጆሮዬ የስልክ ድምፅ መለየት ትቷል፤ ከሰው ጋር የማወራው ከንፈሩን እያየሁ ነው። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ «ስክሪኑን ፎቶ አንስቼ ልላክላት?» ብላኝ ነበር። የቤቴን ገመና በሰው ስልክ አልልክም አልኳት። ቁጥሯንም እንዳትጠይቂኝ። በደብዳቤ ጻፊልኝ።

ደብዳቤ የምከፍተው ቅዳሜ ጠዋት መሆኑን አትርሺ። መሥሪያ ቤት ሳለሁ ሰኞ የመጣውን ትእዛዝ ረቡዕ የሚመጣው ይሽረው ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ሥራዬ የሰው ሥራ መሰለ።

አሁን ሰላምታ። እኔ ደህና ነኝ። ስትመጪ ታስዪ ነበር። ተሻለሽ?

አባትሽ

*

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 27

ቸኩሌ፣

ሦስት ገጽ ይቅርታ ከምትጽፊ አንድ ገጽ መፍትሔ ብትጽፊ ይሻል ነበር። ይቅርታውን አንብቤ አስቀምጬዋለሁ። ጥያቄዎችሽን እመልሳለሁ።

ከመነሻው ዝርዝር ላይ የቀድሞውን ከርነል ይምረጡ ብለሻል። ዝርዝሩ አንድ መስመር ብቻ ነው። የቀድሞውን ያጠፋሁት እኔው ነኝ፤ ሥራ የፈታ ነገር ዲስክ ላይ አላስቀምጥም።

ሌላ ቦታ ቅጂ አለ ወይ ብለሻል። የለም። ቅጂ የሚያስቀምጥ ሰው የገዛ ሥራውን የማያምን ነው ብዬ አስብ ነበር።

ዲስኩ ድምፅ ያሰማል ወይ ብለሻል። ደንቆሮ ይህን ይጠየቃል? ቢሆንም እጄን ሳጥኑ ላይ አሳረፍኩ። ይነዝራል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይነዝራል፣ ከዚያ ትን እንዳለው ሰው ይንፈራገጣል። በፊት እንዲህ እንዳልነበረ ግን መማል አልችልም። በፊት እጄን አሳርፌበት አላውቅም።

ባዶ ቤት ውስጥ ማሽን በርቶ አይቀርም የሚለው ደንብ የእርስዎ ነው፣ ያጠፋሁት እኔን ሊሸኙ ስለሚወጡ ነው ብለሻል። ደንቡ የእኔ ነው። ጣቱ የአንቺ ነው።

ኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ ለምን አይወስዱትም ላልሽው፣ ወስጄዋለሁ። ገበያው ጫፍ ያለውን ልጅ እግር ጠጋኝ ታውቂዋለሽ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅለውን። አበራው፣ አየው፣ ወደ እኔ ዞረ።

«አባቴ፣ ይሄ ሊኑክስ የሚሉት ነገር ምን ያደርግልዎታል?»

«ሥራዬን ይሠራልኛል።»

«ሠራ እንዴ? ይኸው ተዘርሮ!» ብሎ ሳቀ። «ፎርማት አድርጌ አዲስ ልጫንልዎትና በአንድ ሰዓት ውስጥ ፊልም ያያሉ።»

«ውስጡ ያለውስ?»

«ውስጡ ያለውማ ይጠፋል። ምን ነበር? ፎቶ ነው?»

ሶኬቱን ነቀልኩና ሳጥኑን አቅፌ ወጣሁ። በሩ ላይ ደርሶ ትከሻዬን ነካ ሲያደርገኝ ዞሬ ከንፈሩን አየሁ። «አባቴ፣ ኪቦርድዎን ረሱ» አለኝ። ተቀብዬው ሄድኩ። አመሰግናለሁ አላልኩትም። እሱን እስካሁን አስበዋለሁ።

ስብሰባው ሠላሳ ስምንት ቀን ቀርቶታል። ስለ ሳልሽ አልመለስሽልኝም።

አባትሽ

*

ሰኞ፣ ኅዳር 6

ውድ አባባ፣

ሳሉ ለቆኛል። ሁለት ጊዜ ስለጠየቁኝ ደስ አለኝ፤ ከቁጣው መሃል ፈልጌ አገኘሁት።

ልመጣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ነበር፣ ከለከሉኝ። ምክንያቱን ብጽፍልዎት ሰበብ ይመስልብኛልና ልተወው።

እጅዎን ሳጥኑ ላይ አሳርፈው የጻፉልኝን ለኮምፒውተር ክፍል ባልደረቦቼ አነበብኩላቸው። አንዱ «አባትሽ በመዳፉ የሰማው እኛ በመሣሪያ ከምናየው ይበልጣል» አለ። አባባ፣ ዲስኩ እየሞተ ነው። ያበላሸሁት ከርነል ቀላሉ ነገር ነው፤ በኋላ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብንም። ግን በሚሞት ዲስክ ላይ ጥገና አይሠራም። መጀመሪያ ያለው ሁሉ እንዳለ ወደ አዲስ ዲስክ መገልበጥ አለበት። እዚያ ላይ ቁጥሮችዎ ገና አሉ። እርግጠኛ ነኝ።

በጥቅሉ ውስጥ ማሽኑን የሚያስነሱበት ፍላሽ፣ አዲስ ዲስክና ሁለት ኬብል አለ። ማሽኑን ከኤሌክትሪክ ነቅለው አዲሱን ዲስክ ከአሮጌው ጎን ይሰኩት። በፍላሹ ያስነሱት። ከዚያ በተለየው ወረቀት ላይ በትልልቁ የጻፍኩትን አንድ መስመር ትእዛዝ ይጻፉ። ትርጉሙ «ኤስዲኤ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ኤስዲቢ ገልብጥ» ማለት ነው። ኤስዲኤ አሮጌው ነው፣ ኤስዲቢ አዲሱ። ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። እስኪያልቅ አይንኩት፤ እባክዎ፣ ለዚያች ቀን ከቤት አይውጡ።

ሲያልቅ አሮጌውን ነቅለው በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡትና ይጻፉልኝ። ለስብሰባው እንደርሳለን።

ቸኩሌዎ

*

ሰኞ፣ ኅዳር 13

አባባ፣

ይህ ደብዳቤ እስኪደርስዎት ካልጀመሩ፣ እባክዎ አይጀምሩ።

ዛሬ ጠዋት ባልደረባዬ ዲስክ ሲቀይር ቆሜ ሳይ ክው አልኩ። ለእርስዎ አንድ ነገር ሳልጽፍ ቀርቻለሁ። ማሽኑ ስም የሚሰጠው አሮጌና አዲስ ብሎ አይደለም፤ ቀድሞ ያገኘውን ኤስዲኤ ይለዋል፣ ቀጥሎ ያገኘውን ኤስዲቢ። አዲሱን ቀድሞ ካገኘው የሰጠሁዎት ትእዛዝ ባዶውን ዲስክ በቁጥሮችዎ ላይ ይገለብጠዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ መጠናቸውን ይዩ። የሚያሳየውን ትእዛዝ ከታች ጽፌዋለሁ። አሮጌው አምስት መቶ ጊጋባይት ነው፣ አዲሱ አንድ ሺህ። የሚገለበጠው ከአምስት መቶው ወደ አንድ ሺሁ ነው፣ ስሙ ማንም ይሁን። ትንሽ እንኳ ከተጠራጠሩ ጭራሽ ይተዉት።

የልብስ ሰፊዋን ቁጥር ብለምንዎት ከለከሉኝ። ሌላ መንገድ ስላጣሁ ይህን ለከሰዓቱ አውቶቡስ ሹፌር በእጁ ሰጥቼዋለሁ። ነገ መናኸሪያ ያደርሰዋል። ፖስታው ላይ በቀይ አስቸኳይ ብያለሁ።

ልጅዎ

*

ሐሙስ፣ ኅዳር 16

ቸኩሌ፣

በሐሙስ ቀን ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም።

ጥቅልሽን ቅዳሜ ከፈትኩ። ወረቀትሽን ሦስት ቀን አጠናሁት። ትላንት ረቡዕ ጉድጓዶቹን ለክቼ እንደተመለስኩ ሳጥኑን ፈታሁ። ከሁለቱ መሰኪያ አንደኛው ጠበቅ ያለ ነው፣ ሁለተኛው ይወዛወዛል። አዲሱ ዲስክ የሚጻፍበት ነውና እንዳይነቃነቅ ብዬ ጠበቅ ያለውን ለእሱ ሰጠሁት፣ አሮጌውን ወደ ሁለተኛው አዛወርኩት። በፍላሹ አስነሳሁት፣ ተነሣ። ትእዛዙን ከወረቀትሽ ላይ ፊደል በፊደል ጻፍኩ። አራት ጊዜ አመሳከርኩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መታሁት።

ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እጄን ሳጥኑ ላይ አሳረፍኩ። ያ መንፈራገጥ የለም፣ ለስላሳ ንዝረት ብቻ። ተሻለው አልኩ። ስድስት ሰዓት ይፈጃል ብለሽ ነበር፤ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አቆመ። ቸኩሌ ራሷ ገብታበታለች ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከዚያ ስክሪኑን አነበብኩ። ቦታ አልቋል ይላል።

ዲስኮቹ ላይ እንደተጻፈው አሮጌው አምስት መቶ፣ አዲሱ አንድ ሺህ ነው፤ አምስት መቶ ወደ አንድ ሺህ ሲገባ ቦታ እንዴት ያልቃል? ዕድሜዬን ውሃ ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ። ባልዲ በርሜልን ሞልቶ እንደማያፈሰው አውቃለሁ። ቦታ የሚያልቀው በርሜሉ ባልዲው ላይ ሲገለበጥ ነው። ይህን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ። ከተረዳሁ በኋላ አልተነሳሁም። ልብስ ሰፊዋ ገብታ መብራቱን እስክታበራልኝ መምሸቱን አላየሁም።

ወረቀትሽን መልሼልሻለሁ። የእጅ ጽሑፍሽን እዪው። የታዘዝኩትን ነው ያደረግሁት፣ አንዲት ነጥብ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። መጀመሪያ በጣትሽ ገደልሽው። አሁን ደግሞ በእኔ እጅ አስገደልሽኝ።

ሰላምታ የለኝም።

*

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 9

ልጄ፣

ሦስቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ለሁለቱ ያልመለስኩት ታምሜ አይደለም። ልብስ ሰፊዋ ታመው ይሆን እያለች በቀን ሦስቴ ትመጣለች፤ አንቺም እንዲሁ ሳትፈሪ አልቀረሽም።

አሮጌውን ዲስክ ይላኩልኝ፣ ጠፍቶ የነበረ ነገር የሚያወጡ ባለሙያዎች አሉ ብለሽ ነበር፤ ልኬልሽ ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ ዜሮ ነው ብለው መለሱልኝ ያልሽውን አንብቤያለሁ። ሌላ ቦታ ልሞክር ላልሽው፣ አትሞክሪ።

ስብሰባው እንዴት ሆነ ብለሽ ጠይቀሻል። ሄጄ ነበር። እመጣለሁ ብዬ ስለነበር ሄድኩ። ሰብሳቢው ፊት ለፊቱ አስቀመጠኝ፣ ከንፈሩን እንዳይ ቀስ ብሎ ይናገራል።

«እህሳ አባት፣ ቁጥሮቹን ይዘው መጡ?»

«የሉም።»

«ሠላሳ አራት ዓመት ለክቻለሁ ሲሉ አልነበር እንዴ?»

«ለክቻለሁ።»

«ታዲያ ወረቀቱስ?»

«የለም።»

ደግ ሰው ነው፤ ሊተወኝ አልፈለገም። «ጥቂቱን እንኳ በቃልዎ አያስታውሱም? የሚያስታውሱትን ይንገሩን፣ ጸሐፊው ይመዘግበዋል።»

አስታውሳለሁ። የሰባተኛውን ጉድጓድ የሃያ ዓመት ቁጥር ዓይኔን ጨፍኜ እወጣዋለሁ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሰው በቃሉ የሚያመጣውን ቁጥር ዕድሜዬን ሙሉ አልቀበልም ስል ኖሬያለሁ። ለሌላው የከለከልኩትን ለራሴ ልፍቀድ? «በቃል የሚነገር ቁጥር የለኝም» አልኩ።

የፋብሪካው መሐንዲስ «እንግዲያማ ጉድጓዶቹን ራሳቸውን እንጥራቸዋ» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ሳቅን ለማወቅ ከንፈር ማንበብ አያስፈልግም። ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ተነስታ እጇን ስታወናጭፍ አየሁ። ያለችውን በኋላ ነገረችኝ፦ «የምትጠጡትን ሲለካላችሁ በኖረ ሰው ላይ ነው የምታላግጡት? አታፍሩም?» ተቀመጪ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠኋት። እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ፣ ፈቃዱ ተሰጠ። ሐሙስ ዕለት የመቆፈሪያው መኪና ወደ ላይ ሰፈር ወጣ። አልሰማሁትም። በጫማዬ ሥር ተሰማኝ።

ይህ ሁሉ ስለጠየቅሽኝ ነው። የምጽፍልሽ ግን በሌላ ነገር ነው።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ ሹፌሩን ለአለቆቹ እንደከሰስሽውና ከሥራ እንደታገደ ጽፈሻል። «ያችን ፖስታ በሰዓቷ አድርሶ ቢሆን ኖሮ» ትያለሽ። እሱ አደረስኩ ብሎ ሲምል፣ ውሸታም ብለሽ በሰው ፊት እንዳዋረድሽው ጽፈሻል።

አድርሷል።

ማክሰኞ ኅዳር 14 ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ከመናኸሪያ ተቀብላ አመጣችልኝ። በሩ ላይ ቆማ ቀዩን ጽሑፍ በጣቷ እየመታች «አባባ፣ አስቸኳይ ይላል እኮ!» አለችኝ።

«የእኔ አስቸኳይ ቅዳሜ ነው» አልኳት።

«ቢከፍቱት ምን ይጎዳዎታል?»

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ማክሰኞ።»

«ታዲያስ?»

ትከሻዋን ነቅንቃ ሄደች። ፖስታውን ከማሽኑ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አቆምኩት። በማግሥቱ ትእዛዙን ስመታ እዚያው ነበር፤ ክንዴን ብዘረጋ እደርስበት ነበር። በእነዚያ ሦስት ሰዓታት ውስጥ ስንት ጊዜ ቀና ብዬ እንዳየሁት ብነግርሽ አታምኚኝም። ሐሙስ ያን ደብዳቤ ስጽፍብሽም እዚያው ቆሞ ነበር። ቅዳሜ ኅዳር 18 ጠዋት ከፈትኩት።

ሹፌሩ ሥራውን ሠርቷል። እስከዚህ ያለውን ቆርጠሽ ለአለቆቹ ስጪ። ከዚህ በላይ ፈርሜበታለሁ፣ ልብስ ሰፊዋም ምስክር ሆና ፈርማለች። እሱን ራሱን አግኝተሽ በእኔ ስም ይቅርታ ጠይቂው። በአንቺ ስም የምትጠይቂው የራስሽ ጉዳይ ነው።

ከዚህ በታች ያለው የአንቺ ብቻ ነው።

ያን እሑድ ማሽኑን ያጠፋሽው በደንቤ ነው። ፖስታው ሳይከፈት የቆየው በደንቤ ነው። ደንቡ የእኔ ነው፣ ጣቱ የአንቺ ነው ያልኩትን መስመር ከደብዳቤዬ ላይ ሰርዢው፤ በቀይ ሰርዢው። ሁለት ጊዜ ገደልሽው ያልኩትንም።

ሜትሩን ጠቅልዬ ምስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ። ማሽኑን ልብስ ሰፊዋ ጨርቅ ታስቀምጥበታለች።

በክረምት እመጣለሁ ብለሻል፣ ነዪ። አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው። ግን ስለ ዲስኩ፣ ስለ ፖስታው፣ ስለ ጉድጓዶቹ ከዛሬ በኋላ ከአፌም ከብዕሬም አንዲት ቃል አይወጣም። አንቺም እንዳታነሺብኝ። ካነሳሽ ፊቴን አዞራለሁ፤ ከንፈርሽን አላየውም።

አባትሽ